የቻይና አንቲካ ፖርሴሊን ለቤት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሳሎኔ የሚገባ እንግዳ ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው ቡፌው ላይ ነው። የሚያብለጨልጭ ብርጭቆ የለበትም። ሰማያዊና ነጭ የቻይና ሳህኖችና ጎድጓዳ ዕቃዎች ናቸው ያሉት። አንዳንዶቹ ተሸርፈዋል፣ አንዱ በብረት ተሰፍቷል። ከዚያ ጥያቄው ይጀመራል። ጥያቄዎቹ ደግሞ በየዓመቱ ያው ናቸው። መልሱን አንዴ ጽፌ ልገላገል ብዬ ነው። ዓመቶቹን ሁሉ የጻፍኩት በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

ለመሆኑ የቻይና ፖርሴሊን ከእኛ ጋር ምን አገናኘው?

ቡና የምንጠጣበትን ዕቃ ምን እንለዋለን? ሲኒ። ቃሉ ከዐረብኛ የመጣ ሲሆን «የቻይና» ማለት ነው። ዐረቦቹ ከቻይና የሚመጣውን ስስ ነጭ ዕቃ በአገሩ ስም ጠሩት። ስሙም ባሕር ተሻግሮ እኛ ረከቦት ላይ ቁጭ አለ። ዛሬም መርካቶ ከሚሸጠው ሲኒ ብዙው የቻይና ፋብሪካ ሥራ ነው። ስሙ ዞሮ ዞሮ ከዕቃው ጋር ተገናኝቷል።

ዕቃው ራሱም ቢሆን ወደ እኛ ሰፈር ከመጣ ቆይቷል። ድሬዳዋ አጠገብ ሐርላ የሚባል ቦታ አለ። የአካባቢው ሰው ድሮ ግዙፍ ሰዎች ይኖሩበት ነበር ይላል። በ2017 ይፋ የሆነው ቁፋሮ ግን የግዙፎች አጥንት አላገኘም። ያገኘው የመካከለኛው ዘመን የነጋዴ ከተማ ነው። ከየመን፣ ከማልዲቭስና ከማዳጋስካር ከመጡ ዕቃዎች ጋር የቻይና ዕቃ ስብርባሪም ወጥቷል። ወደ ደቡብ ወረድ ብሎ በኬንያና በታንዛኒያ ጠረፍ ደግሞ የስዋሂሊ ሰዎች የቻይና ሳህን መቃብር ላይና ግድግዳ ላይ ይለስኑ ነበር። የሐረር ቤት ገብቶ የሚያውቅ ሰው ሳህን ለግድግዳ ጌጥ እንደሚሆን አስረጂ አያስፈልገውም።

ፖርሴሊን እና ሸክላ አንድ አይደሉም እንዴ?

ዘመዳሞች ናቸው፣ አንድ ግን አይደሉም። የጀበናችን ሸክላ ሲቃጠል ጠንካራ ይሆናል፣ ነገር ግን ውስጡ ቀዳዳ አያጣም፤ ውሃ ይጠጣል። ፖርሴሊን ከሁለት ነገር ይሠራል፦ ካኦሊን ከሚባል ነጭ አፈርና ተወቅጦ ከሚገባ አለት። ወደ 1300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚጠጋ ሙቀት አለቱ ይቀልጥና መስታወት መሰል ይሆናል። ካኦሊኑ ደግሞ ቅርጹን ይዞ ይቆማል። የቻይና ባለሙያዎች አንዱን አጥንት፣ ሌላውን ሥጋ ይሉት ነበር። ከዚህ የተሻለ አገላለጽ አላገኘሁም።

የቻይና የፖርሴሊን ሥራ ሁሉ ማዕከል ጂንግደዠን ናት፤ በጂያንግሺ ግዛት ያለች ከተማ። ካኦሊን የሚለው ስም ራሱ በአቅራቢያዋ ካለችው ከጋኦሊንግ የመጣ ነው። ከተማዋ የአሁን ስሟን ያገኘችው በ1004 ነው። በ1712 እዚያ የነበረ አንድ ፈረንሳዊ ሚስዮናዊ ለአገሩ ሰዎች ሲጽፍ፣ አንድ ዕቃ እስኪያልቅ በ70 ሰው እጅ ያልፋል ይባላል ብሏል። አንዱ ጠርዙን ብቻ ያሰምራል። ሌላው አበባ ብቻ ይሥላል። ሌላው ቀለም ብቻ ይሞላል።

ቀላሉ መለያ ይህ ነው፦ ስስ የሆነውን ቦታ መብራት ላይ ያዙትና ከኋላው ጣታችሁን አንቀሳቅሱ። የጣታችሁ ጥላ ከታየ ፖርሴሊን ሊሆን ይችላል። ወፍራም ከሆነ ላይታይ ይችላል፤ ተስፋ አትቁረጡ።

ስንት ዓመት ሲሞላው ነው «አንቲካ» የሚባለው?

በነጋዴውም በጉምሩኩም ዘንድ የተለመደው መቶ ዓመት ነው። ለቻይና ዕቃ ደግሞ ሰዉ ልቡ ውስጥ ያለው መስመር 1911 ነው፤ የቺንግ ሥርወ መንግሥት የወደቀበት ጊዜ። ከዚያ በኋላ እስከ 1949 የተሠራው «የሪፐብሊክ ዘመን» ይባላል። ድሮ ዞር ብሎ የሚያየው አልነበረም፣ አሁን ግን ፈላጊው በዝቷል።

ለዚህ ሚሊየነር መሆን የለብኝም?

ይህን የምትጠይቁኝ ዜና ሰምታችሁ ነው። በ2014 ሆንግ ኮንግ ውስጥ የዶሮ ሥዕል ያለባት አንዲት ትንሽ ጽዋ 281 ሚሊዮን የሆንግ ኮንግ ዶላር ተሸጠች። በአሜሪካ ዶላር 36 ሚሊዮን ገደማ ነው። የተሠራችው በ1465 እና በ1487 መካከል በነገሠው በቼንግኋ ዘመን ነው። ስፋቷ 8 ሴንቲ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው፤ ከእኛ ሲኒ ብዙም አትርቅም። ገዢው ሊዩ ዪቺያን የተባሉ የሻንጋይ ባለሀብት ናቸው። ገንዘቡን ከፍለው ሲያበቁ ሻይ ጠጡባት። አገሩ ሁሉ ጮኸ። እኔ በበኩሌ ደስ ብሎኛል።

ሌላው ዜና ይባስ ሰው ያሳብዳል። በአሜሪካ ኮኔቲከት ውስጥ አንድ ሰው ከያርድ ሴል (ሰው አሮጌ ዕቃውን ደጁ ላይ ከሚሸጥበት) በ35 ዶላር የገዛው ጎድጓዳ ሳህን የ15ኛው መቶ ዘመን የሚንግ ሥርወ መንግሥት ሥራ ሆኖ ተገኘ። በመጋቢት 2021 ኒው ዮርክ ውስጥ በ721,800 ዶላር ተሸጠ። እውነት ነው፣ ሆኗል። ግን ይህን ሰምቶ በየያርድ ሴሉ የሚንከራተት ሰው ቁጥሩን አትጠይቁኝ። ሎተሪ የደረሰውን እንጂ ያልደረሰውን ማን ያወራል?

የቻይና ምድጃዎች ለንጉሥ ብቻ አልሠሩም። ለተራው ሰውና ለውጭ ገበያ በሚሊዮን ሠርተዋል። ገልደርማልሰን የምትባል የሆላንድ መርከብ በ1752 ሰጠመች። በ1985 ከባሕር ሥር ከ150 ሺህ የሚበልጥ ፖርሴሊን ወጣላት። ቴክ ሲንግ የምትባለው የቻይና መርከብ ደግሞ በ1822 ከ1500 በላይ ሰው ይዛ ጠፋች። ከእሷ የወጣው 350 ሺህ ገደማ ዕቃ በ2000 ጀርመን ሽቱትጋርት ውስጥ ለጨረታ ቀረበ። ከእነዚህ ጭነቶች የወጣ ትንሽ ጎድጓዳ ሳህን ዛሬም አንድ ቀን ደህና ሬስቶራንት ከቤተሰብ ጋር በልቶ በሚከፈል ገንዘብ ይገኛል። የባሕር አሸዋ የላዩን መስታወት መሰል ቅብ ስላደበዘዘው የማይወዱት አሉ። እኔ እወደዋለሁ።

ለጀማሪ ምን ትመክሪያለሽ?

ሰማያዊና ነጭ። በተለይ ለተራው ሕዝብ የተሠሩትን የ19ኛው መቶ ዘመን ጎድጓዳ ሳህኖች። ሥዕሉ በጥድፊያ የተሣለ ነው። ብሩሹ ሦስት ጊዜ ይነካል፣ አበባ ይሆናል። ዋጋቸው በአሥሮች ወይም በጥቂት መቶ ዶላር የሚቆጠር ነው። ቀጥሎ የዝንጅብል ማሰሮ የሚባሉት ክብ ጋኖች አሉ። ክዳናቸው ከጠፋ ይረክሳሉ፤ አበባ ለምትጨምሩበት ደግሞ ክዳኑ ምን ያደርግላችኋል? ቀለም የምትወዱ ከሆነ ጽጌረዳማ ሮዝና አረንጓዴ የበዛባቸው፣ በመስኮት መስኮት ሰዎችና ወፎች የተሣሉባቸው የካንተን (የዛሬዋ ጓንጉዡ) ሳህኖች አሉ። ለውጭ ገበያ የተሠሩ ናቸው፣ አሜሪካና አውሮፓ ውስጥ አይጠፉም።

በመጀመሪያው ዓመት ትልቅ የአበባ ማስቀመጫ አትግዙ። ፎርጅዱ የሚበዛው እዚያ ነው።

ሥሩ ላይ የቻይና ጽሑፍ አለው። የንጉሥ ዕቃ ነው ማለት ነው?

ይህ ጥያቄ በሳምንት አንዴ ይመጣልኛል፣ ከፎቶ ጋር። መልሱ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል «አይደለም» ነው።

ጽሑፉ አብዛኛውን ጊዜ ስድስት ፊደል ነው። ከላይ ወደ ታች፣ ከቀኝ ወደ ግራ ይነበባል። የመጀመሪያው «ታላቅ» ይላል። ሁለተኛው ሥርወ መንግሥቱን ይጠራል፦ ሚንግ ወይም ቺንግ። ቀጣዮቹ ሁለቱ የንጉሡ ዘመን ስም ናቸው። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ «በዘመኑ ተሠራ» ይላሉ። አራት ብቻ ከሆነ «ታላቅ» እና ሥርወ መንግሥቱ ተትተዋል። በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት ይለመዳል፣ አትፍሩት።

ችግሩ ማንበቡ ላይ አይደለም። ቻይናዎች የቀደመውን ንጉሥ ስም በኋለኛው ዕቃ ላይ መጻፍ የቆየ ልማዳቸው ነው። በንጉሥ ካንግሺ ዘመን፣ ማለትም በ1662 እና በ1722 መካከል፣ የሚንጉን የቼንግኋን ስም ይጽፉ ነበር። በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ደግሞ የካንግሺን ስም ጻፉ። ብዙውን ጊዜ ለማታለል ብለው አልነበረም፤ አክብሮትም ነበረበት፣ የጥሩ ሥራ አርማም ነበር። ዛሬ ያለው ሠሪ ግን የሚጽፈው ለእኔና ለእናንተ ነው። ምልክቱ ላይ ተመሥርቶ ዋጋ የሚጠይቅ ሻጭ ሲገጥማችሁ ይህን አስቡ። የገረመኝ ነገር ልንገራችሁ፦ በ1677 የጂንግደዠን ሹም የንጉሡ ስም ተሰብሮ በሚጣል ዕቃ ላይ እንዳይጻፍ ከለከለ። በዚያን ጊዜ ከተሠሩት ከአንዳንዶቹ ሥር የሚገኘው ሁለት ሰማያዊ ክብ ብቻ ነው፣ መሃሉ ባዶ።

የበለጠ የሚጠቅመው ተራው ጽሑፍ ነው። አሜሪካ ከ1891 ጀምሮ የሚገባ ዕቃ የተሠራበት አገር በእንግሊዝኛ እንዲጻፍበት አዘዘች። ስለዚህ በላቲን ፊደል «ቻይና» ብቻ የሚል ካያችሁ ብዙ ጊዜ ከዚያ በኋላ ያለ ነው። «ሜድ ኢን ቻይና» የሚል ከሆነ ደግሞ 20ኛው መቶ ዘመን ውስጥ ገብታችኋል። ምንም አለመጻፉ ግን አሮጌ መሆኑን አያረጋግጥም። ወረቀት ተለጥፎበት የተላጠ ሊሆን ይችላል።

ጽሑፉ ካልታመነ በምን ልወቅ?

ገልብጣችሁ ቂጡን እዩ። ሻጩ ቢገላምጣችሁም ገልብጡት።

ዕቃው ጠረጴዛ የሚነካበት ክብ ጠርዝ አለ፣ እግሩ እንበለው። እዚያ ላይ ግሌዝ የሚሉት መስታወት መሰል ቅብ የለም፤ ቢኖረው ኖሮ ምድጃው ውስጥ ተጣብቆ ይቀር ነበር። ስለዚህ እርቃኑን ያለው አፈር የሚታየው እዚያ ብቻ ነው። በጣታችሁ ዙሩበት። ቆየት ያለው ለስለስ ይላል፣ ዓመታት አሽተውታል። ቅቡ የሚያልቅበት ላይ ብዙ ጊዜ ቀጭን ብርቱካናማ መስመር አለ፤ አፈሩ ውስጥ ያለው ብረት በእሳቱ የሰጠው ቀለም ነው። አንዳንዱ ላይ የምድጃ አሸዋ ተጣብቆ ይቀራል፣ ጥፍር ያዝ ያደርጋል። አዲሱ ደግሞ ወይ እንደ ጠመኔ ነጭ ነው፣ ወይ ሆን ተብሎ ቆሽሿል።

የቆሸሸውን ከራሴ ኪስ ከፍዬ ነው የተማርኩት። ከአንድ የኢንተርኔት ሻጭ የካንግሺ ጋን ብዬ በ180 ዶላር ገዛሁ። ሰማያዊው ቆንጆ ነው፣ ሥሩ ላይ ስድስቱ ፊደል ተሰድሯል፣ እግሩ እንደ አሮጌ ዛፍ ቡናማ ነው። ሦስት መቶ ዓመት ማለት ይህ ነው ብዬ ተደሰትኩ። ቤት ሲደርስ ለብ ባለ ውሃና በሳሙና አጠብኩትና በነጭ ፎጣ ጠረግኩት። ፎጣው ቡና የፈሰሰበት መሰለ። ደግሜ ጠረግኩ። ቡናማው ለቀቀ፣ ከሥሩ ትናንት ከምድጃ የወጣ የሚመስል ነጭ ብቅ አለ። ጓደኛዬ በስልክ ስነግራት «ጠርጥር፣ ገንፎ ውስጥም አይጠፋም ስንጥር» አለችኝና ሳቀች። ሻጩ አልመለሰልኝም። ጋኑ አሁን ኩሽና ውስጥ የእንጨት ማንኪያ መያዣ ነው፤ ለዚያ ሥራ ምንም አይወጣለትም።

እግሩን ካያችሁ በኋላ ጭረቱን እዩ። ለዘመናት ያገለገለ ሳህን መሃሉ ላይ በየአቅጣጫው የሚሄድ ስስ ጭረት አለው። ወጣ ያለው ቦታ ይበልጥ ተልጓል፣ ገባ ያለው ያን ያህል አይደለም። በብርጭቆ ወረቀት የታሸ ግን ጭረቱ በአንድ ወገን ይተኛል፣ ማንም በማይነካው ጥግ ሳይቀር።

ሦስተኛ፣ አሥር እጥፍ የሚያጎላ ትንሽ ማጉያ መነጽር ግዙ። ሥዕሉን ቀርባችሁ እዩት። በብሩሽ የተሣለ መስመር መነሻው ወፈር፣ መጨረሻው ሳሳ ይላል። ቀለም በተጠራቀመበት ቦታ ሰማያዊው ይጠቁራል። ነጠብጣብ ብቻ ከታያችሁ የታተመ ነው፣ አስቀምጡትና ወደ ቤት ሂዱ።

ላቦራቶሪስ? ቴርሞሉሚነሰንስ የሚባል ምርመራ አለ። ዕቃው መጨረሻ የተቃጠለበትን ጊዜ ይገምታል። ግን ናሙና ለመውሰድ ዕቃው ይበሳል፣ ክፍያውም ከዕቃችሁ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። ለቤት ጌጥ አያስፈልግም።

የተሰነጠቀ ወይም የተሸረፈ ልግዛ?

እኔ እገዛለሁ። ዓይንን የሚማርክ ነገር በትንሽ ገንዘብ የሚገኘው በዚህ መንገድ ነው። አንድ ስንጥቅ ዋጋውን ከግማሽ በታች ሊያወርደው ይችላል። ለትርፍ ለሚገዛ ሰው ግን አይሆንም።

ስንጥቁን ግን ከመክፈላችሁ በፊት እወቁት። ገበያ ላይ ጀበና ስንገዛ እንደምናንኳኳው ነው። ዕቃውን መዳፋችሁ ላይ አስቀምጡና ጠርዙን በጥፍር መታ አድርጉት። ደህናው ይጮኻል፣ ድምፁ ይቆያል። የተሰነጠቀው ደፈን ያለ ድምፅ ሰጥቶ ዝም ይላል። የተጠገነና ቀለም የተቀባበትን ለመለየት ትንሽ የአልትራቫዮሌት ባትሪ ጥሩ ነው። በጨለማ ሲበራበት አዲሱ ሙጫና ቀለም ብዙ ጊዜ ከዙሪያው ተለይቶ ይታያል።

አሁን ስለዚያ በብረት ስለተሰፋው። ቡፌው መሃል ያለው ነው፣ ከአንድ ቤት በ12 ዶላር የወሰድኩት። ስፋቱ አንድ ስንዝር አይሞላም። ከጠርዙ እስከ መሃሉ ተሰንጥቋል። ገልብጣችሁ ስታዩት ስንጥቁን የሚያቋርጡ አራት ትንንሽ የብረት ሽቦዎች አሉ፣ ልክ እንደ ስቴፕለር ሽቦ። ጠጋኙ በስንጥቁ ግራና ቀኝ ጥቃቅን ጉድጓድ በስቷል፣ ግን ወደ ውስጥ አላሳለፈም። በውስጥ በኩል ቀዳዳ የለም። ሽቦውን በጉድጓዶቹ ውስጥ አስገብቶ አጥብቆታል። በቻይና ይህን ሥራ በየመንደሩ እየዞሩ የሚሠሩ ሰዎች ነበሩ። «የአልማዝ መሰርሰሪያ የሌለህ የፖርሴሊን ሥራ አትቀበል» የሚል ተረትም አላቸው። እኛ ጋ የተሰነጠቀ ቅል እንደሚሰፋው ነው። ይህ ሳህን የንጉሥ አይደለም። የሆነ ቤት ውስጥ የሆነ ሰው ሳይጥለው ቀርቶ ለጥገና ከፍሎበታል። እኔን የገዛኝ እሱ ነው።

እናንተ ግን ቤት ሲሰበርባችሁ በሱፐር ግሉ አትሩጡ። ሲደርቅ ይበጫል፣ ለማላቀቅም መከራ ነው። ስብርባሪውን አንድ በአንድ በወረቀት ጠቅልላችሁ ለባለሙያ አቆዩት።

ቡና ልጠጣበት እችላለሁ? ምግብስ?

ቀለሙን በጣት ዳብሱት። ቀይ፣ ሮዝ፣ አረንጓዴ ሆኖ ከላይ ወጣ ወጣ ካለ ቀለሙ የተቀባው ከቅቡ በላይ ነው፤ እንዲህ ያለው አሮጌ ቀለም ብዙ ጊዜ እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት አለበት። ሎሚ፣ ኮምጣጤ፣ ቲማቲም ያለበት ምግብ ደግሞ እርሳሱን ያስለቅቀዋል። ምግብ አታቅርቡበት። ለልጆችና ለነፍሰ ጡር ደግሞ በጭራሽ።

ሰማያዊው ከቅቡ ሥር ስለሆነ ጣት ላይ ምንም አይሰማም። ኮባልት የሚባለው ሰማያዊ ቀለም ቅቡ ሥር ታሽጎ በከፍተኛ ሙቀት አብሮ ተቃጥሏል፣ ስለዚህ የተሻለ ነው። ቢሆንም ስንጥቅ ያለበት ነገር ያመቃል፣ ሽታም ይይዛል። እኔ በዓመት ሁለቴ፣ ለእንቁጣጣሽና ለፋሲካ፣ ደህና በሆኑት ሁለት ትንንሽ ጽዋዎች ቡና እጠጣለሁ። መጀመሪያ ለብ ያለ ውሃ አደርግባቸዋለሁ። ከፍልውኃ የወጣ የሚመስል ቡና ቀዝቃዛ አሮጌ ዕቃ ላይ መገልበጥ ስንጥቅ መጥራት ነው። ማይክሮዌቭና የዕቃ ማጠቢያ ማሽን ግን አይታሰቡም። ወርቅ የተቀባ ከሆነ ማይክሮዌቩም ርችት ይተኩሳል።

ጓንጉዡ የሚመላለስ ዘመድ አለኝ። ያምጣልኝ?

አዲስ ሲኒ ያምጣላችሁ፤ ቆንጆ ነው። አንቲካ ግን አይሆንም።

ጓንጉዡ ለዚህ ታሪክ ትልቅ ከተማ ናት። ፈረንጆች ካንተን ይሏት ነበር። ከ1757 እስከ 1842 ድረስ አውሮፓውያን በባሕር መጥተው ከቻይና እንዲነግዱ የተፈቀደላቸው በዚያች ወደብ ብቻ ነበር። ነጩ ሳህን ከጂንግደዠን ይመጣና ቀለሙ እዚያ ይቀባ ነበር፤ ካንተን የሚባሉት ሳህኖች ስም የመጣውም ከዚያ ነው። ግን የዛሬው ሕግ ሌላ ነው። ቻይና ከ1911 በፊት የተሠሩ ቅርሶች ከአገር እንዳይወጡ በመርህ ደረጃ ትከለክላለች። እስከ 1949 ያሉትም ይፈተሻሉ። እንግዲህ አስቡት፦ ቤጂንግ ፓንጂያዩዋን ገበያ ውስጥ ዘመዳችሁ የገዛው ጋን እውነተኛ ከሆነ ማውጣት ወንጀል ነው፣ ሳይቸገር ካወጣው ደግሞ ምናልባት እውነተኛ አይደለም።

አሜሪካ ያላችሁ ሌላም አለባችሁ። በ2009 በተፈረመው ስምምነት መሠረት እስከ ታንግ ሥርወ መንግሥት መጨረሻ፣ ማለትም እስከ 907 ድረስ ያሉ የቻይና ቅርሶች ያለ ወረቀት አይገቡም። የታንግ ዘመን የቀብር ፈረስ ወይም ግመል ሐውልት በርካሽ ሲቀርብላችሁ ወረቀቱን ጠይቁ። ለሰማያዊና ነጩ ሳህናችን ይህ አይመለከተውም።

ዓዋቂ ሰብሳቢ የሚገዛው ከቻይና ውጭ ከቆየ ቤት ነው። ዕቃው ከመቶና ከሁለት መቶ ዓመት በፊት ወጥቷል፣ አሁን እጅ እየቀያየረ ነው።

ታዲያ የት ልግዛ?

አሜሪካ ላላችሁ ኢስቴት ሴል። ሰው ሲሞት ወይም ቤቱን ሲለቅ ዕቃው በሙሉ እዚያው ቤት ውስጥ ይሸጣል። መጀመሪያ ቀን ስሄድ ከብዶኝ ነበር። ሰው የሞተበት ቤት ገብቶ ቁም ሣጥን መክፈት ለሐበሻ ከባድ ነው፤ ለቅሶ የደረስኩ መስሎኝ ድምፄን ቀንሼ ነበር የማወራው። አሁን ለምጄዋለሁ። በመጨረሻው ቀን ከሰዓት ዋጋው በግማሽ ይወርዳል፣ ግን ጥሩው ሄዷል።

ትንንሽ የጨረታ ቤቶችም ጥሩ ናቸው። ሁለት ነገር ግን አትርሱ። ያሸነፋችሁበት ዋጋ ላይ ቤቱ 20 በመቶ፣ ብዙ ጊዜም ከዚያ በላይ ይጨምራል። ማጓጓዣው ለብቻው ነው። በ100 ዶላር አሸንፋችሁ 170 ልትከፍሉ ትችላላችሁ። እና ስለ ጉዳቱ በጽሑፍ ጠይቁ። «የ19ኛው መቶ ዘመን» እና «በ19ኛው መቶ ዘመን ስልት» አንድ አይደሉም፤ ሁለተኛው በጨዋ ቋንቋ «አዲስ ነው» ማለት ነው።

ዛፍ፣ ድልድይና ሁለት ወፍ ያለበት ሰማያዊ ሳህን አገኘሁ። የቻይና ነው?

አይደለም፣ እንግሊዝ ነው። ዊሎው ይባላል። በ18ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ እንግሊዞች የቻይናን አስመስለው ያወጡት ሥዕል ነው። ከሥዕሉ ጋር የሚነገረውን የሁለቱን ፍቅረኞች ታሪክም እነሱ ናቸው የፈጠሩት። ያምራል፣ አሮጌ ዕቃ የሚሸጥበት ትሪፍት ስቶር በአምስት ዶላር ይገኛል። ግዙት፣ እንጀራ ፍርፍር ያምርበታል።

ቤት ውስጥ እንዴት ላስቀምጠው? እንዴትስ ልጠበው?

አታጨናንቁት። የእኛ ቡፌ ችግሩ ይህ ነው፦ የሠርግ ብርጭቆ፣ የምረቃ ፎቶ፣ የፕላስቲክ አበባ፣ ሁሉም አንድ መደርደሪያ ላይ። ሦስት ሳህን ለብቻው ብታቆሙ ሰው ያያቸዋል። ሰማያዊና ነጭ ከጥቁር እንጨት ጋር ይሄዳል። ከሐረር ስፌት አጠገብም ሞክሬዋለሁ፣ አልተጣሉም።

ግድግዳ ላይ ስትሰቅሉ በስፕሪንግ የሚጨብጠውን ርካሽ የሽቦ መስቀያ ተዉት። ዓመት ሙሉ ጠርዙን እየጎተተ ይሸርፈዋል። መደርደሪያ ላይ ደግሞ ሙዚየሞች የሚጠቀሙበት ሰም መሳይ ማጣበቂያ አለ። ከእግሩ ሥር ትንሽ ትንሽ ታደርጉና ጫን ትሉታላችሁ። ልጅና ድመት ላለበት ቤት ግዴታ ነው።

ሲታጠብ የፕላስቲክ ሳፋ፣ ከሥሩ ፎጣ፣ ለብ ያለ ውሃ፣ ለስላሳ ሳሙና። የጣት ቀለበት ይውለቅ። አንድ በአንድ ነው። በጆሮው ወይም በጠርዙ አታንሱት፣ ሁለት እጅ ከሥሩ። በረኪና ክልክል ነው። የተጠገነ ከሆነ ውሃ ውስጥ አትዘፍዝፉት፣ የድሮ ሙጫ ይለቃል። የእኔን ባለ ሽቦውን በእርጥብ ጨርቅ ብቻ ነው የምጠርገው።

ዓይኔን የት ላለማምድ?

ሙዚየም ውስጥ። ዋሽንግተን አካባቢ ያላችሁ ፍሪር ወደሚባለው ሙዚየም ሂዱ፤ መግቢያ አይከፈልበትም። እዚያ የጣዎስ ክፍል የሚባል አለ። በ1876 እና በ1877 ለንደን ውስጥ የአንድ ባለሀብት ቤት ምግብ ክፍል ነበር። ዊስለር የተባለው ሠዓሊ በሰማያዊ አረንጓዴና በወርቅ ቀባው። የተሠራው የካንግሺ ዘመን ሰማያዊና ነጭ ዕቃ እንዲደረደርበት ነው። ባለቤቱና ሠዓሊው በክፍያ ተጣሉ፤ ሠዓሊው ግድግዳው ላይ ሁለት የሚጣሉ ጣዎሶች ሥሎ ሄደ። በኋላ ፍሪር የተባለው አሜሪካዊ በ1904 ክፍሉን ከነግድግዳው ገዛው።

ለንደን ያላችሁ ብሪቲሽ ሙዚየም፣ 95 ቁጥር ክፍል። 1,700 ገደማ ዕቃ አለ። በ1351 መሠራታቸው አንገታቸው ላይ የተጻፈባቸው ሁለት ረጃጅም የአበባ ማስቀመጫዎች እዚያው ናቸው። ስለ ሰማያዊና ነጭ ዘመን ብዙው የሚታወቀው ከእነሱ በመነሣት ነው። ወደ አዲስ አበባ ስትሄዱ ኢስታንቡል ላይ ረጅም ትራንዚት ካላችሁ ደግሞ ቶፕካፒ ቤተ መንግሥት ከአሥር ሺህ በላይ የቻይና ፖርሴሊን አለው፤ የሚታየው ጥቂቱ ነው።

ሙዚየም ውስጥ ቂጡን ማየት አይቻልም። እሱን ለመልመድ ጨረታ ቤቶች ከጨረታው በፊት ዕቃ የሚያሳዩበት ቀን ሂዱ። መግዛት ግዴታ አይደለም። ዕቃውን በእጃችሁ ይዛችሁ ገልብጡ።

ያንን በብረት የተሰፋውን ትሸጪልኛለሽ?

አልሸጥም። አክስቴም ጠይቃኛለች፣ ለእሷም አልሰጠሁም። ሌላ በ12 ዶላር ስታገኙ ደውሉልኝ፣ አብረን ገልብጠን እናየዋለን።